የከተማ እንግዳ ያተረፈው ፈረስ

የአሜሪካን ምዕራብ ፈረስ ማን አተረፈው ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ፊልም ላይ ያየነውን ባርኔጣ የደፋና ሽጉጥ የታጠቀ ካውቦይ እንጠራለን። ታሪኩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ካውቦዩ ራሱ ሥራ አጥ በሆነበት፣ ትራክተርና መኪና ፈረሱን ከእርሻና ከመንገድ ባባረሩበት ዘመን፣ ፈረሱን በሕይወት ያቆየው እርካብ ላይ እግሩን ማስገባት የማያውቅ የከተማ ሰው ነው። ገንዘብ ከፍሎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንት «ገጠር ልኑር» ብሎ የሚመጣ የዕረፍት እንግዳ።

አሜሪካኖች ይህን ሰው «ዱድ» ይሉታል። ቃሉ ዛሬ የወጣቶች መጠራሪያ ሆኗል እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሲስፋፋ ስድብ ነበር። አለባበሱ ያማረ፣ እጁ የለሰለሰ፣ ጭቃ የሚጸየፍ የከተማ ልጅ ማለት ነው። እኛ «ሞልቃቃ» ከምንለው አይርቅም። ይህ ሞልቃቃ የሚስተናገድበት የፈረስና የከብት እርባታ ደግሞ «ዱድ ራንች» ተባለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቤተሰብ መዝናኛዎች ውስጥ የምናየው «ፈረስ ግልቢያ አለን» የሚለው ማስታወቂያ አንዱ ዋና ሥሩ እዚያ ነው።

ዛሬ ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለአሜሪካ ብዬ አይደለም። የኛም ፈረስ አሁን እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት የቆሙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ስለደረሰ ነው። መጀመሪያ የነሱን እንይ።

፩. ፈረሱ ከየት መጣ?

ፈረስ በአሜሪካ ምድር ጥንት ነበረ። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ከዚያ ጠፋ። የመለሱት ስፔኖች ናቸው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1493 በሁለተኛ ጉዞው ፈረስ ይዞ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መጣ። ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲገባ አብረውት የነበሩት ፈረሶች 16 ብቻ ነበሩ። ከነዚያና ተከትለዋቸው ከመጡት ፈረሱ ወደ ሰሜን ተሰራጨ። ነባር ሕዝቦች ተቀበሉት፣ አራቡት፣ ሕይወታቸውን በሱ ላይ ገነቡ። ኮማንቼ፣ ላኮታ፣ ሻይየን፣ ክሮው የሚባሉት ሕዝቦች በጥቂት ትውልድ ውስጥ በዓለም ከታወቁት ፈረሰኞች ተርታ ተሰለፉ።

ቆየት ያለው የታሪክ ትምህርት ፈረሱ ወደ ሰሜን የተበተነው በ1680 የፑዌብሎ ሕዝቦች በስፔን ላይ ሲያምጹ ነው ይል ነበር። በ2023 የታተመ የአጥንትና የዘር ቅንጣት ጥናት ደግሞ ነባሮቹ ከዚያም ቀድመው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ፈረስ ያረቡ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው ከነባር ሕዝቦች ምሁራን ጋር ነው። ሽማግሌዎቻቸው «ፈረሱን ነጭ ሳይመጣብን በፊት እናውቀዋለን» ሲሉ ለዓመታት የሰማቸው አልነበረም።

ይህን የፈረስ ባህል የሰበረው መንግሥት ነው፤ የሰበረበትም መንገድ ሊታወቅ ይገባል። በመስከረም 1874 ኮሎኔል ማኬንዚ የሚባል የአሜሪካ ጦር አዛዥ፣ ቴክሳስ ውስጥ ፓሎ ዱሮ በተባለ ሸለቆ የሰፈሩትን ኮማንቼ፣ ካዮዋና ሻይየን ወጋ። በውጊያው የሞተው ሰው ጥቂት ነበር። አዛዡ ግን የማረከውን ፈረስ ጥቂቱን ለራሱ ወገን ካከፋፈለ በኋላ፣ የቀረውን ከ1,000 በላይ ፈረስ በጥይት አስጨረሰ። ሰዎቹ በዚያ ክረምት በእግራቸው እየተጓዙ እጃቸውን ሰጡ። ፈረሰኛን ለማንበርከክ ፈረሱን መግደል በቂ መሆኑን አዛዡ ያውቅ ነበር።

፪. እረኛውስ ማን ነበር?

ነባሩ ከሜዳው ሲነሳ ከብቱ ገባ። ከ1867 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የቴክሳስ ከብት በሺዎች እየተነዳ ወደ ካንሳስ ባቡር ጣቢያዎች ይጓዝ ነበር። ከብቱን የሚነዳው ካውቦይ ነው። ስሙ ሲተረጎም «የላም ልጅ» ነው፤ እረኛ ማለት ነው። ደመወዙ በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጋልበው ፈረስ እንኳ የራሱ አልነበረም፤ የባለ ከብቱ ነበር።

የሙያው ቋንቋ ማን እንዳስተማረው ይናገራል። «ራንች» ስፓኒሽ ነው። «ሮዴዮ» ስፓኒሽ ነው። በረቱ «ኮራል»፣ ሸምቀቆ ገመዱ «ላሪያት»፣ ያልተገራው ፈረስ «ሙስታንግ»፣ ሁሉም ከሜክሲኮ እረኞች አፍ የተወሰዱ ናቸው። ከሠራተኞቹም እስከ አንድ አራተኛ የሚሆኑት ጥቁሮች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ አብዛኞቹ ከባርነት ገና የወጡ።

ከነዚህ አንዱ ናት ላቭ ነው። በ1854 ቴነሲ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ነጻ ሲወጣ ወደ ምዕራብ ሄዶ ካውቦይ ሆነ፤ በኋላም የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ በ1907 አሳተመ። የከብት መንዳቱ ሥራ ሲያበቃ ምን ሆነ? በ1890 ዴንቨር ላይ የባቡር አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። የተሳፋሪ ሻንጣ ተሸካሚ፣ አልጋ አንጣፊ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ምዕራቡን ሊያይ በባቡር የሚመጣው የከተማ እንግዳ ሻንጣውን ለጥቁር አስተናጋጅ እያቀበለ፣ «እውነተኛ ካውቦይ የት ነው የማገኘው?» ብሎ ሲጠይቅ ይታያችሁ። ካውቦዩ ሻንጣውን ተሸክሞለት ሊሆን ይችላል።

፫. ሦስቱ ወንድማማቾች

አሁን ወደ ዱድ ራንች ታሪክ እንግባ። ሃዋርድ፣ ዊሊስና አልደን ኢተን የተባሉ ወንድማማቾች ከፒትስበርግ ከተማ ተነስተው በ1880 ግድም ዳኮታ በሚባለው ግዛት፣ ሜዶራ አቅራቢያ የከብት እርባታ ከፈቱ። የቦታው ስም «የከስተር መንገድ» ነበር። ጄኔራል ከስተር በ1876 ወደ ሊትል ቢግሆርን ጦርነት ሲሄድ ያለፈበት ስለሆነ ነው። ከስተር ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም፤ ላኮታና ሻይየን ከነወታደሩ ደመሰሱት። ምድሩ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በሟቹ ስም የሚጠራ እርባታ ሆነ። ሜዳ ላይ ያሸነፈ ሁሉ ታሪክ ላይ ያሸንፋል ማለት አይደለም።

ሃዋርድ ኢተን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር። ስለ አደኑ፣ ስለ ሜዳው ለከተማ ወዳጆቹ ይጽፋል። ወዳጆቹም መምጣት ጀመሩ። ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ይከርማሉ። እንግዳ ተቀባይነት ደግሞ ወጪ አለው። በ1882 ገደማ አንድ የቡፋሎ ከተማ እንግዳ በነጻ መቀመጡ አሳፍሮት «እባካችሁ ልክፈል» አለ ይባላል። የዱድ ራንች ንግድ ልደት ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ቀን ነው። እኛ አገር ቢሆን «ምን ቆርጦህ!» ተብሎ ጠብ በተነሳ ነበር። ኢተኖች ግን ተቀበሉ፤ ባይቀበሉ ኖሮ ምናልባት ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ ቦታ ባልኖሩም።

ምክንያቱም የ1886–87 ክረምት መጣ። በጋው ደረቅ ነበር፤ ሣሩ በብዙ ከብት ተግጦ አልቋል፤ ክረምቱ ደግሞ በረዶውን አከታትሎ አወረደው። ከብቱ በመቶ ሺዎች ሞተ። በዚያው አካባቢ ከብት ያረባ የነበረ አንድ የኒውዮርክ ወጣት ከግማሽ በላይ መንጋውን አጣ። ስሙ ቴዎዶር ሩዝቬልት ይባላል፤ በ1884 ሚስቱና እናቱ በአንድ ቀን ሞተውበት ሐዘኑን ሊረሳ ወደዚያ የሸሸ፣ በኋላ በ1901 ፕሬዚዳንት የሆነው። ካውቦዮቹ መነጽሩን እያዩ ይስቁበት የነበረ ፍጹም ዱድ ነበር። ከስሮ ወጣ። ግን ያንን ምድር ለቀሪው አሜሪካ በመጻሕፍቱ ሸጠለት።

ሌሎች ባለ ከብቶችም ከሰሩ። ኢተኖች ከእንግዳ የሚያገኙት ገንዘብ ነበራቸውና ቆዩ። በ1904 ወደ ዋዮሚንግ፣ ቢግሆርን ተራራ ሥር ወደሚገኝ ዎልፍ የተባለ ቦታ ተዛወሩ። እርባታው እስከ ዛሬ በዚያው ቤተሰብ እጅ እየሠራ ነው። ፈረሶቹ ክረምቱን ራቅ ባለ ግጦሽ ያሳልፉና የእንግዳ ወቅት ሲደርስ በፈረሰኞች ተነድተው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

፬. ባቡሩ፣ መኪናውና ቆርቆሮው

ይህ ንግድ የአንድ ቤተሰብ ብልሃት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሰሜን ፓሲፊክ ባቡር መስመር በ1883 ሲጠናቀቅ የምሥራቁን ሀብታም ወደ ምዕራብ ማድረስ ተቻለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አውሮፓ ሄዶ መዝናናት ቀረ፤ «መጀመሪያ አገርህን እይ» የሚለው ቅስቀሳ ተጧጧፈ። በ1926 እርባታዎቹ ሞንታና ላይ ተሰብስበው የዱድ ራንች ባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ። ከጀርባ የገፋቸው ባቡር ድርጅቱ ነበር፤ የሚያጓጉዘው ተሳፋሪ ይፈልጋል። ባቡር ድርጅቱ ፖስተር አሳተመ፣ ጋዜጠኛ ጋበዘ፣ የካውቦይን ምስል በየከተማው ጣቢያ ሰቀለ። ዛሬ በአእምሯችን ያለው ካውቦይ ግማሹ የሆሊውድ ነው፤ ሌላው ግማሽ የባቡር ትኬት ማስታወቂያ ነው።

ንግዱ መልኩን እየለወጠ ኖረ። ኔቫዳ በ1931 ለፍቺ የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት ስታወርድ፣ ከምሥራቅ ከተሞች ፍቺ ፈላጊ ሴቶች ወደ ሬኖ ከተማ ጎረፉ። ብዙዎቹ ስድስቱን ሳምንት ያሳለፉት በፈረስ እርባታዎች ነው። ሴትየዋ ከኔቫዳ አለመውጣቷን ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመሰክርላት ደግሞ የእርባታው ባለቤት ወይም ሠራተኛ ነበር። ፈረስ ጠባቂ የፍቺ ምስክር ሲሆን አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በ1915 በአሜሪካ እርሻዎች 26 ሚሊዮን ያህል ፈረስና በቅሎ ነበር። በ1960 ሦስት ሚሊዮን ገደማ ቀረ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማለት ነው። በዚያው 1915 የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እንዲገባ ፈቀደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጎብኚ የሚያመላልሱት የፈረስ ሠረገላዎች ተነስተው በአውቶቡስ ተተኩ።

ያ ሁሉ ፈረስ የት ገባ? ብዙው አርጅቶ ሲሞት አልተተካም። በምዕራቡ ሜዳ የተለቀቀው ግን እየታደነ ቄራ ገባ። በ1922 ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ፋብሪካ የፈረስ ሥጋን በቆርቆሮ አሽጎ የውሻ ምግብ ብሎ መሸጥ ጀመረ። በፊት ከብት ሲነዳ፣ ጦር ሲያዘምት የነበረ ፈረስ ለከተማ ውሻ ራት ሆነ። የዱር ፈረስ በአውሮፕላንና በመኪና እየተባረረ መታደኑ የቀጠለ ሲሆን፣ ሰፊ ጥበቃ የሚያደርግለት የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1971 ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ አንዱ ፈረስ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፤ ሌላው ኮርቻ ተጭኖለት ድርቆሽ ቀረበለት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጉልበት አይደለም፣ ዘርም አይደለም። ልዩነቱ አንዱን ሊጋልብ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳ መኖሩ ነው።

፭. አንድ ማለዳ በኮሎራዶ

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላነበብኩትም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ኦሮራ የሚኖሩት የአጎቴ ልጅና ባለቤቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮኪ ተራራ ለዕረፍት ሲወጡ እኔንም አስከተሉኝ። ዴንቨርና ኦሮራ የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። የሄድንበት የቤተሰብ መዝናኛ የመዋኛ ገንዳ፣ የጎጆ ቤቶችና የመመገቢያ አዳራሽ ያለው ሆኖ፣ ከኋላው የሚሠራ የፈረስ እርባታ አለው።

«የሚሠራ» የሚለው ቃል ትርጉም የገባኝ በማግስቱ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ብሄድ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። ሌሊቱን ግጦሽ ላይ ያደሩትን ፈረሶች ሁለት ወጣቶች በፈረስ ሆነው ወደ በረቱ እየነዷቸው ነበር። እንግዳ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ፈረስ ይቦረሻል፤ ኮቴው ተገልብጦ ጠጠር ይወጣለታል፤ ጀርባው በእጅ እየተዳሰሰ ቁስል ይፈለጋል። ቁስል የተገኘበት ያን ቀን ኮርቻ አይጫንበትም። በሰሌዳ ላይ የየፈረሱ ስም ተጽፏል፤ ዛሬ የሚሠራ፣ ዛሬ የሚያርፍ ተብሎ። የኮቴ ብረት በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይቀየራል። እንግዳው ክብደቱን ይጠየቃል፤ አንዳንዱ ቅር ይለዋል፣ ግን ሕግ ነው። ፈረስ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ በላይ መሸከም የለበትም የሚል ልማድ አላቸው።

በበሩ ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያም አለ። ከፈረስ ባሕርይ የተነሳ ለሚደርስ ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ እንደማይሆን የሚገልጽ ነው፤ የኮሎራዶ ሕግ እንዲለጠፍ ያዛል። የአጎቴ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ «እኛ እኮ ሕጻን ሆነን ያለ ኮርቻ ነበር የምንጋልበው» አለና ፊርማውን አኖረ።

ግልቢያው ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግልቢያ አይባልም። አሥር ፈረስ አንዱ የሌላውን ጭራ እያሸተተ በሰልፍ ይሄዳል። ፈረሱ መንገዱን ከጋላቢው በላይ ያውቀዋል። አንዷ መሪያችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን በክረምት የዕረፍት ወራቷ ነው የምትሠራው። ሌላው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ያደገ። ልጆቹ ደስ አላቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከፈረሱ ሳይወርድ «አጎቴ፣ ካውቦይ ጥቁር ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። የመዝናኛው የስጦታ ሱቅ ውስጥ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ሁሉ አይቷል፤ እሱን የሚመስል አላገኘም።

ስለ ናት ላቭ ነገርኩት። ያ ሰው በኋላ ሥራ የያዘባት ዴንቨር ከቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አትርቅም። ልጁ አሜሪካዊ ነው፤ ይህ ታሪክ የሱም ነው። ግን ማንም ሳይነግረው ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል።

፮. ዋጋው

እዚህ ላይ ነው የዱድ ራንች ታሪክ ሁለት ፊት የሚያሳየን። አንደኛው ፊት መልካም ነው፦ ፈረሱ ተረፈ፣ ሙያው ተረፈ፣ ኮርቻ ሠሪው፣ ኮቴ አስተካካዩ፣ ድርቆሽ አምራቹ እንጀራ አገኘ፣ ሜዳውም ሳይሸነሸን ቆየ። ሁለተኛው ፊት ደግሞ ይህ ነው፦ እንግዳ የሚከፍለው ለፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ለተረቱም ነው። ተረቱ ደግሞ እንዲሸጥ ተደርጎ ተሠራ። ፈረሱን ያመጣው ስፔናዊ፣ ሙያውን ያስተማረው ሜክሲኳዊ፣ መንጋውን የነዳው ጥቁር፣ ፈረሱ የተገደለበት ኮማንቼ ከፖስተሩ ላይ ወጡ። ለአስርት ዓመታት ትምህርት ቤቱም፣ ሲኒማውም ፖስተሩን ተከተለ። ፈረሱን ለማትረፍ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነበር ማለት እችላለሁ።

ዋጋው ግን የግድ አልነበረም። ተረቱን ያዘጋጁት ንግዱን የያዙት ናቸው። የንግዱ ባለቤቶች ሌሎች ቢሆኑ ተረቱም ሌላ በሆነ ነበር። ለኛ የሚጠቅመን ትምህርት ይኸው ነው።

፯. የኛስ ፈረስ?

እኛ ፈረስን ከሰው ስም ጋር ያሰርን ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም፣ ቃኘው፣ ኮሪያ ድረስ ዘምቷል። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያም «ቃኘው» እየተባለ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። የካውቦይ አገር ወታደሮች በሐረሩ ገዥ ፈረስ ስም በሚጠራ ሰፈር ኖረው ሄዱ ማለት ነው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም «ባልደራስ» ነበር፤ ዛሬ ቃሉን የሰፈርና የፖለቲካ ፓርቲ ስም አድርገን ነው የምናውቀው።

ከስሙ ወደ ኑሮው ስንወርድ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ፤ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ነን። አብዛኛው የሚኖረው በገጠር ጭነትና በከተማ ጋሪ ነው። ጋሪውን ደግሞ ባጃጅ እየተካው መጥቷል። በባሕር ዳርም በሐዋሳም ያደገ ሰው፣ ጀርባው የቆሰለ፣ ባለቤቱ የጣለው ፈረስ አስፋልት ዳር ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ባለ ጋሪው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የማይሠራ ፈረስ የሚቀልብበት ገንዘብ የለውም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ አድርሶ ሲጨርስ ምን እንደሚሆን ግን ተረታችን አይነግረንም። የ1915ቱ አሜሪካ እዚህ አለ።

የ1926ቱ አሜሪካስ? እሱም አለ። በሰባት ቤት አገው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። ለዓድዋና ለአርበኞች ዘመን ፈረሶች መታሰቢያ ሆኖ የተቋቋመ ነው። ልብ በሉ፤ ለጀግኖች ብቻ ሳይሆን ለፈረሶቹም። አባላቱ ሲታመሙ፣ ሲያዝኑ፣ ሲጣሉ የሚደራረሱበት ዕድርና ሽምግልናም ነው። እንዲህ ያለ ሕዝባዊ ተቋም የአሜሪካ ዱድ ራንች ባለቤቶች አልነበራቸውም።

በአምቦና በወሊሶ መካከል የምትገኘው ወንጪ ደግሞ ሌላዋ ምሳሌ ናት። የእሳተ ገሞራው ሐይቅ ዘንድ ለመውረድ ጎብኚው የአካባቢውን ገበሬ ፈረስ ይከራያል። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ተራ ይዘው፣ ገቢውን እየተካፈሉ ሲሠሩበት ቆይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። «ገበታ ለሀገር»ም መጣ፤ መንገዱ ተሠራ፣ ሎጁ ተሠራ። መንገድ መሠራቱን የሚጠላ የለም። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን እንግዳው በመኪናው እስከ ታች ከወረደ፣ ባለ ፈረሱ ገበሬ ምን ይሆናል? የንግዱ ባለ ድርሻ ነው ወይስ ሎጁ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ፎቶ ልነሳልዎት?» የሚል ለማኝ ይሆናል?

ለዚህ የተሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው፣ «ሎጁ የራሱን ፈረሶች ይግዛ፣ ንጹሕ ጋጣ ይሥራ፣ ገበሬውን ይቅጠር» የሚል ነው። ፈረሱ በዚህ መንገድ የተሻለ ሊበላ ይችላል፤ አልክድም። ግን ናት ላቭን አስታውሱ። ሙያው የሱ ነበር፤ ንብረቱ የሱ አልነበረምና ዘመን ሲለወጥ የደረሰው ሻንጣ መሸከም ነው። ሁለተኛው መልስ፣ «ገበሬውን እንዳለ ተዉት» ይላል። ይህም አይሆንም። ቁስል ላይ ኮርቻ የሚጭን፣ ባዶ ሆዱን ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል የሚያስኬድ ሰው እንዲሁ ሊተው አይገባም። እንግዳውም ዛሬ ፎቶ አንስቶ ለዓለም ያሳያል።

እኔ ሦስተኛ መልስ አለኝ። ፈረሱ የገበሬው፣ ማኅበሩ የገበሬው ሆኖ ይቀጥል፤ ሎጁ ከማኅበሩ ጋር በውል ይሥራ። ውሉ ውስጥ እኔ ኮሎራዶ ያየሁት ሰሌዳ ይግባ፦ የሚያርፍ ፈረስ ዝርዝር፣ የክብደት ገደብ፣ የቁስል ምርመራ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከተከፈተ አስርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሐኪም ከየት ይምጣ የሚባል አገር አይደለንም። ከግልቢያው ዋጋ ላይ ጥቂት ብር ለጡረተኛ ፈረስ ቀለብ ይቆረጥ። ዕድር ለሰው ሲሠራ ኖሯል፤ ለፈረስ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩን የሚናገረው ባለ ፈረሱ ይሁን። ልጁን ፈረስ ላይ ያስቀመጠ የአዲስ አበባ አባት ልጓሙን የያዘው ሰው ስለዚያ ተራራ፣ ስለ አያቱ ፈረስ፣ ስለ አገሬው ፈረሰኞች ሲነግረው ይስማ። እኛ የራሳችንን ፖስተር ገና አላሳተምንም። ባርኔጣ የደፋ ካውቦይ በሎጅ ግድግዳ ላይ ስለን የኛ ፈረሰኛ በር ላይ ከቆመ ግን፣ የሌላ አገር ስህተት ገዝተን መጣን ማለት ነው።

አሜሪካን ያየ ሰው የሚማረው አንድ ትልቅ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ፈረስ በፍቅር ብቻ አይተርፍም፤ እነሱም ይወዱት ነበር፣ ግን በሚሊዮን ጨረሱት። የሚተርፈው የሚያኖረው ሥራ ሲያገኝ ነው። ያ ሥራ የዕረፍት እንግዳ ማዝናናት ከሆነ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ፈረሱን አትርፎ ባለቤቱን ማክሰር ነው።

ወንጪ፣ እንጅባራ፣ ባሌ ወይም ሌላ ቦታ በፈረስ የሄዳችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ፈረስ የምታከራዩ ካላችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ አካትተዋለሁ።

ቸር እንሰንብት!